የተኽላይ ተራ

ከገበያ ሽንኩርት ይዤ ስመለስ የእድራችን ሰዎች በራችን ላይ የድንኳን ብረት ከጋሪ ሲያወርዱ አገኘኋቸው።

«ለማን ነው?» አልኳቸው።

«ለተኽላይ ነው ኣደይ። ከሆስፒታል አሁን ደወሉ።»

ሽንኩርቱን መሬት ላይ አስቀምጬ እዚያው ቆምኩ። ብረቱ ተገጠመ፣ ሸራው ተወጠረ። ውስጡ ባዶ ነበር። ከሰዎቹ አንዱ «አግዳሚው በየት በኩል ይደርደር? የውኃው በርሜል የት ይቀመጥ?» እያለ ይጠይቃል። ይህንኑ ድንኳን በዚሁ በር ላይ ስንት ጊዜ ተክለውታል፤ ያን ዕለትም እንደ አዲስ ይጠይቃሉ። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው። «ድንኳን ትዝታ የለውም፣ ኣደይ ብርኽቲ» ይለኝ ነበር ተኽላይ፤ ኣደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። ይህን ያለኝ ግን ስለ ለቅሶ እያወራ አልነበረም፤ ስለ ኮምፒውተር እያስረዳኝ ነው።

እኔ ማታ ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩ ሴት ነኝ። አማርኛውን ያጠናከርኩት ከደብረ ብርሃን መጥቶ ካገባኝ ከባሌ ጋር ስንኖር ነው። ስለ ማሽን እንድጽፍ የሚጠይቀኝ ሰው አይኖርም። ስለ ተኽላይ ግን እኔ ካልጻፍኩ ማንም አይጽፍም።

ግቢያችን ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው። በአንድ በር እንገባለን፣ ከአንድ ቧንቧ እንቀዳለን። ሰው ስንት ናችሁ ሲለን «ስድስት ቤተሰብና ተኽላይ» እንል ነበር። እሱ ከበሩ በስተግራ ባለችው አንዲት ክፍል ብቻውን ይኖራል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የልብስ ስፌት ማሽን ይጠግን ነበር። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። ማሽን ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠባል። ከዚያ ክዳኑን በጣቱ አንጓ ሁለት ጊዜ ያንኳኳል፣ ልክ የሰው በር እንደሚያንኳኳ።

«ምን ያደርግልሃል?» አልኩት አንድ ቀን።

«ሳላንኳኳ ገብቼ አላውቅም» አለኝ።

ሌላው አመሉ ደግሞ የተበላሸ ዕቃ ሲያመጡለት አለመቸኮሉ ነው። ሌላው ሰው ሬዲዮ ሲያስቸግረው ይመታዋል፤ ቴሌቪዥን ሲጠፋበት ጀርባውን በጥፊ ይለዋል። ተኽላይ ይህን ሲያይ ፊቱ ይጨማደዳል። «ሰውዬው እየተናገረ ለምን ትመቱታላችሁ?» ይላል። ከዚያ መነጽሩን ያደርግና «መጀመሪያ የሚለውን እናንብብ» ይላል። ኮምፒውተር ሲታመም ሕመሙን ራሱ በመስመር በመስመር እየጻፈ ያስቀምጣል፤ ሰው ግን አያነብለትም ይል ነበር።

መብራትም ስልክም በጠፋበት በዚያ ክፉ ጊዜ የየቤቱ ትዝታ በየስልኩ ውስጥ እየሞተ ነበር። ስልክ ይወድቃል፣ ይሰረቃል፣ ባትሪው ያብጣል። የሠርግ ሲዲው ይቧጨራል። ተኽላይ አንድ ቀን በየበሩ እያንኳኳ «ያላችሁን ስጡኝ» አለ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ የሞቱ ሰዎች ድምፅ፣ ሁሉንም ሰበሰበ። ከአንድ መሥሪያ ቤት የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር አግኝቶ ጠገነና ሁሉንም እሱ ላይ አኖረው። «ሰርቨር ነው» አለን። እኛ ጎተራ አልነው። ለእያንዳንዱ ቤት በስሙ አንድ ክፍል አበጀለት። ጣሪያ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ሰቀለ፣ ከታች ባትሪ አስቀመጠ። የምናይበት ቴሌቪዥን የአቶ ሓጎስ ነው፤ እህል ነጋዴው ጎረቤታችን ማለት ነው። ሰፊ በረንዳ ያለውም እሱ ነው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምሳ ከተበላ በኋላ፣ ስድስት ቤተሰብና ተኽላይ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ጎተራውን እንከፍታለን። ባትሪው የሚችለው ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። መብራት ከተመለሰ በኋላም ስለማይታመን ልማዱን አልተውነውም።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ።

ማሽኑ ቤቶቹን የሚደረድረው በፊደል ተራ ነበር። ሓጎስ ከላይ፣ ፋንታዬ ከታች። ፋንታዬ ከደሴ የመጣች፣ ልብስ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ናት፤ የግቢያችን መጨረሻ ክፍል የእሷ ነው። የሓጎስ ሠርግ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፤ ሙሽራው ከመኪና ለመውረድ ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። ከዚያ የሚቀጥለው ቤት፣ ከዚያ የሚቀጥለው። አራተኛው ቤት ላይ ባትሪው ያልቃል። የፋንታዬ አራት ደቂቃ ብቻ ናት፤ እናቷ በር ላይ ተቀምጣ ስለ አንዲት ላም የምታወራባት አራት ደቂቃ። እናቷ የሞተችው መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ነው፤ ልጅቱ አልቀበረቻትም። ስልኳ ተሰብሮ ስለነበር ያቺን አራት ደቂቃ ከስብርባሪው ያወጣላት ተኽላይ ነው።

ብዙ እሑድ አለፈ። ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን ፋንታዬ ተነስታ ጀርባዋን ሰጥታን ትገባለች። አንድ ቀን ተከትያት ሄድኩ።

«አዲስ ስልክ ገዝተሻል አይደል? በእሱ ለምን አታዪአትም?»

«አይቻታለሁ እማማ። ብቻዬን አይቻታለሁ።» የበሯን መዝጊያ ይዛ ቆመች። «እዚህ አገር እናቴን የሚያውቃት ሰው የለም። ሳለቅስ ሰዎች የሚያዝኑት ለኔ ነው። ለእሷ እንዲያዝኑላት ነው የምፈልገው። እንዲያዩአት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«በሰው በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ እማማ?»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ምግብ አልበላልኝም። በማግስቱ ተኽላይ ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቅኩት።

«ማሽንህ ፍርድ አያውቅም» አልኩት።

«እሺ ከመይ ውዒልኪ ኣደይ» አለኝ፤ እንዴት ዋልሽ ማለቱ ነው፣ ሰላምታ መዝለሌን ሊያስታውሰኝ።

«ደህና ውያለሁ። ማሽንህ ፍርድ አያውቅም። የመጨረሻው ሁልጊዜ መጨረሻ ነው።»

«ማሽኑ ፊደል ነው የሚያውቀው።»

«እንግዲያው ሌላ ነገር አስተምረው! የማኅበር ጽዋ እንዴት ነው የሚዞረው? በፊደል ነው? ዛሬ አንዱ ቤት ይጠጣል፣ ጽዋውን የሚቀጥለው ይወስዳል፤ የጠጣው ወደ ታች ይወርዳል። ይህን የማያውቅ ጎተራ ምን ይሠራል?»

ተኽላይ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና በእጁ መዳፍ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ።

«ሲነሳ ነው ልንነግረው የሚገባው» አለ። «ማሽኑ ገና ሲነሳ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ከመታየቱ በፊት የሚያነበው ትእዛዝ እንጽፍለታለን። ስክሪፕት ይባላል። ‹ተነስ፣ ተራውን አንብብ፣ ባለ ተራውን ከላይ አድርግ፣ ከዚያ በሩን ክፈት› የሚል።»

«ሰንበቱ ደግሞ የባለ ተራው ብቻ ነው» አልኩት። «ባትሪው እስኪያልቅ።»

የሚቀጥለው እሑድ ይህን በረንዳው ላይ ስንናገር አቶ ሓጎስ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ወይዘሮ ብርኽቲ፣ ቴሌቪዥኑ የማን እንደሆነ ረስተውታል መሰለኝ።»

«አልረሳሁም። በረንዳውም ያንተ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ፀሐይዋም ያንተ ናት?»

ሰው ሳቀ። ሓጎስ ግን አልሳቀም። «እሺ፣ ተራ ይሁን። ግን ለአራት ደቂቃ ሙሉ ሰንበት ይሰጣል? ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?»

«ጽዋው ድሃ ቤት ሲደርስ ግማሽ ቀን ነው የሚከበረው? ለድሃ ቅዱስ ሚካኤል ግማሽ ነው?»

ሓጎስ ብርጭቆውን መልሶ አነሳ። ተኽላይ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያየ ፈገግ ሲል አየሁት።

ስክሪፕቱን ጻፈ። ተራውን ዕጣ አወጣን፤ ለፋንታዬ ሦስተኛው ደረሳት። ሁለት ሰንበት በሰላም አለፈ። ሦስተኛው እሑድ ፋንታዬ ነጠላዋን አጥባ፣ ፀጉሯን ተሠርታ መጣች። ማሽኑ ሲነሳ ከላይ የወጣው ሓጎስ ነው። ከታች ደግሞ ፋንታዬ። እንደ ድሮው።

ሁላችንም ተኽላይን አየነው። እሱ እጁን ታጠበ፣ ክዳኑን ሁለት ጊዜ አንኳኳ፣ አነበበ። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ቀና ብሎ ነው ያለው። ስንት የተማረ ወንድ አውቃለሁ፤ ይህችን ቃል በሰው ፊት ሲላት የሰማሁት ግን ተኽላይን ብቻ ነው።

ድንኳኑን የነገረኝ ያን ቀን ነው። ፊልሙን የሚያሳየው ፕሮግራም የሚኖረው ኮንቴይነር በሚሉት ነገር ውስጥ ነው አለኝ። እኔ መንገድ ዳር ሱቅ የሚከፈትበት ቆርቆሮ መስሎኝ «የት ነው ያቆምከው?» ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀና «እንደ እድር ድንኳን አስቢው» አለኝ። «ድንኳኑ ሲያረጅ ይነሳል፣ በምትኩ አዲስ ይተከላል። አዲሱ ባዶ ነው። ትናንት ምሰሶው ላይ ያንጠለጠልሽው ኩራዝ ዛሬ የለም። ድንኳን ትዝታ የለውም። አግዳሚውም ብርጭቆውም የሚመጣው ከእድሩ ዕቃ ቤት ነው። እኔ ሞኙ ስክሪፕቱን ድንኳኑ ውስጥ አንጠለጠልኩት። ሐሙስ ዕለት ፕሮግራሙን ሳድሰው ድንኳኑን አንስቼ አዲስ ተከልኩ፤ ስክሪፕቱ ከአሮጌው ጋር ሄደ።»

«እና አሁንስ?»

«ዕቃ ቤቱ ውስጥ አኖረዋለሁ። ለብቻዋ ባለች ትንሽ ዲስክ ላይ። ድንኳኑ በተተከለ ቁጥር ከዚያ አንስቶ እንዲያነብ በሩን እንከፍትለታለን።»

ፋንታዬ «ምንም አይደል፣ ሳምንት ይሁን» አለች። እሱ ግን እሺ አላላትም። «ምንም አይደል አትበዪ። ጥፋት ነው።»

በሳምንቱ እሑድ ጠዋት መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ መጣ። ባትሪው ገና አልሞላም ነበርና ማሽኑም ከመብራቱ ጋር ሦስት ጊዜ ጠፍቶ ሦስት ጊዜ ተነሳ። በተነሳ ቁጥር ስክሪፕቱ ታዛዥ ነውና አንዱን ወደ ታች አወረደ፣ ሌላውን ወደ ላይ አወጣ። ከሰዓት ስንቀመጥ የፋንታዬ ተራ ማንም ሳያየው አልፎ ሄዷል።

እኔ ጮህኩ። መጮሄን አልክድም። «መብራት ሲጠፋ የሰው ተራ ይበላል? ጽዋው ደጅ ላይ ቢቀመጥ ተጠጣ ይባላል?»

ተኽላይ «ድገሚው» አለኝ።

«ምኑን?»

«ስለ ጽዋው ያልሽውን።»

«ጽዋ የሚያልፈው ከተጠጣ በኋላ ነው አልኩ። ቀኑም ካለፈ በኋላ። ማንም የሚያውቀው ነገር ነው።»

«እኔ አላወቅኩትም» አለ። «ማሽኑ ታይቶ ያለቀውን ፊልም ምልክት ያደርግበታል። ስክሪፕቱ ሲነሳ ሁለት ነገር ይጠይቅ። ታይቶ አልቋል? ሰንበቱ አልፏል? ሁለቱም አዎ ካልሆኑ ተራው ንቅንቅ አይልም። ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ አንቺ ትተይቢዋለሽ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሰኞ ከሰዓት ኪቦርዱን አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። አንድ ፊደል ፈልጎ ለማግኘት ሽሮ የሚበስልበት ጊዜ ፈጀብኝ። እሱ አንዴም እጁን አልዘረጋም። ስሳሳት «የሚለውን እናንብብ» ይላል፤ ማሽኑ የትኛው መስመር ላይ እንደተሰናከለ ጽፎ ያሳያል፤ እዚያ ተመልሼ አርማለሁ። ፋንታዬ የሥራ ፈረቃዋ አልነበረምና አጠገባችን ቆማ በስልኳ ትቀርጽ ነበር። እኔ ልብ አላልኳትም።

ሲያልቅ የይለፍ ቃሉን ለሁለት ከፈለው። ግማሹን ለእኔ ብቻ፣ ግማሹን ለፋንታዬ ብቻ ነገረ። «የእድር ሣጥን ሁለት ቁልፍ አለው አይደል?» አለን። «ተራውን የሚነካ ሰው ሁለታችሁንም ማግኘት አለበት። እኔም ብሆን።»

«አንተስ ለምን የለህበትም?» አልኩት ዝርዝሩን እያየሁ። ስድስት ስም ብቻ ነበር።

«እኔ የማሳየው የለኝም ኣደይ።»

በሚቀጥለው እሑድ የፋንታዬ እናት በሓጎስ ቴሌቪዥን ላይ በር ላይ ተቀመጠች። ጥቁር ሻሽ አስራለች፣ ከፊት አንድ ጥርስ የላትም። ላሟ የጎረቤት ጎመን እንዴት እንደበላች ትናገራለች፤ ጎረቤቷ ስትሳደብ የተሳደበችውን እየደገመች ራሷ ትስቃለች። አራት ደቂቃው አለቀ። «ሰንበቱ የእሷ ነው» አልኩ። ደገምነው። ሦስተኛው ላይ ሰው ከእሷ ጋር በላሟ መሳቅ ጀመረ። አምስተኛው ላይ አንዲት ጎረቤታችን «አቤት ስትስቅ ልጅቱን ስትመስል» ብላ አለቀሰች፤ ከዚያ ሁሉም አለቀሰ። ፋንታዬ መሐል ተቀምጣ እናቷ ተለቀሰላት። ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ነበር። ሓጎስ ተነስቶ ወደ ቤቱ ገባ።

ተኽላይ ኩላሊቱን የታመመው ከዚያ በኋላ ነው። ከሆስፒታል ሲመለስ ጥንካሬ ባገኘ ቀን እየጠራኝ በደብተር ይጽፍልኛል። ማሽኑ ሊጽፍ የሚችለውን የእንግሊዝኛ መስመር እንዳለ ይገለብጥና ከሥሩ ምን ማለት እንደሆነ በአማርኛ ያስቀምጣል። «ለምን ትደክማለህ? ስትድን ራስህ ታነበዋለህ» ስለው «እኔ ስኖርማ ማንም ያነበዋል» ይለኛል። ወደ መጨረሻው ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «ራሱ ይነሳል፤ አትፍሪው። ካልተነሳ አንብቢው» አለኝ። ከዚህ በኋላ ስለ ማሽኑ አላወራንም።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ። ሐሙስ ቀበርነው። እሑድ በረንዳው ላይ ስንሰበሰብ ማንም ስለ ፊልም አላሰበም፤ ተጨናንቀን ተቀምጠናል። ያኔ ፋንታዬ ስልኳን አወጣችና ያን ሰኞ የቀረጸችውን አሳየችኝ። ጥቂት ሰከንድ አይቼ ዘጋሁት። ፎቶ እንኳ የሌለው ሰው እዚያ ውስጥ ይንቀሳቀሳል፣ ይናገራል።

ሓጎስ «ዛሬውኑ እናሳየው» አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «ከሁሉ በፊት። ይህን ሁሉ የሠራው እሱ አይደለም?»

«ተራው የፋንታዬ ነው» አልኩ።

«ለሞተ ሰው ተራ ይጠየቃል እንዴ ወይዘሮ ብርኽቲ!»

ፋንታዬ «የኔን ይውሰድ፣ እማማ። እኔ ደስ ይለኛል» አለች።

በዕድሜዬ ከተናገርኳቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚያኛው የከበደኝ የለም። ተኽላይን ለማየት ከእኔ በላይ የቸኮለ አልነበረም።

«አይሆንም» አልኳት። «ባየሁት ነገር ሁሉ ተራ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚለቀው ድሃው ነው። ደስ እያለው ይለቃል። ዛሬ ለደግ ሰው ትለቂያለሽ፣ ነገ ለትልቅ ሰው ትለቂያለሽ፣ ከነገ ወዲያ ተራ የሚባል ነገር የለም። አዲስ የገባ ማኅበርተኛ ከታች ይጀምራል። እሱም አዲስ ገቢ ነው።»

«ልብ የለሽም» አለኝ አንድ ሰው ከኋላ። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልጽፈውም።

እኔ ግማሹን፣ ፋንታዬ ግማሹን ቃል አስገባን። እጄን ታጥቤ ነበር። ከስድስቱ ስም ሥር «ተኽላይ» ብዬ ጻፍኩ። ፊልሙን በስሙ ክፍል አስቀመጥን። ማሽኑን አጥፍተን አስነሳነው። ፋንታዬ ከላይ፣ ተኽላይ ከታች ወጣ። ሰባት ሆንን።

ስድስት ሰንበት ጠበቅሁ። በየሳምንቱ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል፤ እኔም በየሳምንቱ የባትሪውን መብራት እያየሁ ዛሬ ባይሞት እላለሁ። የአራተኛው ሰንበት ዕለት ማሽኑ ተነሳና ሓጎስን ከላይ አወጣ። ከዚያ በፊደል ተራ፣ እንደ ድሮው። የተኽላይ ስም መሐል ገብቷል። አንዱ ጎረቤት ሊመታው እጁን ሲያነሳ «እጅህን!» አልኩት። ክዳኑን ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ። ደብተሩን አምጥቼ መነጽሬን አደረግሁ፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን መስመር በጣቴ እየተከተልኩ ደብተሩ ውስጥ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አስተያየሁ። አምስተኛው ገጽ ላይ አገኘሁት። ከሥሩ በተኽላይ እጅ እንዲህ ይላል፦ «የሚፈልገው ዕቃ ቦታው ላይ የለም። የዕቃ ቤቱ ዲስክ ገመድ ወልቆ ይሆናል። እዪው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በረንዳው ሲጠረግ መጥረጊያው ጎትቶት የትንሿ ዲስክ ገመድ ወልቋል። መልሼ ሰካሁት፣ አጥፍቼ አስነሳሁት። የባለ ተራው ስም ከላይ ተመለሰ። ማንም አላጨበጨበም፤ ሓጎስ ግን ወንበሩን ለቆ «እዚህ ይቀመጡ ኣደይ» አለኝ። ኣደይ ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር።

ሰባተኛው ሰንበት ደረሰ። ጠዋት መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ መጣ። ተራው ንቅንቅ አላለም። ከሰዓት ማሽኑ ራሱ ተነሳ፤ ከላይ የወጣው ተኽላይ ነበር።

ፊልሙ ስድስት ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ተኽላይ በጎኑ ይታያል፤ እርሳሱ ጆሮው ላይ ነው። ወዲያው ወደ ፋንታዬ ይዞርና እጁን ያወዛውዛል። «እኔን ለምን ትቀርጪያለሽ? እሷን ቅረጪ። የምትሠራው እሷ ናት።» ስልኩም ከእሱ ላይ ይነሳና ወደ እኔ እጅ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው የሚታየው ኪቦርድ ላይ ፊደል የሚፈልጉ የእኔ ጠማማ ጣቶች ናቸው። እሱ ድምፁ ብቻ ነው ያለው። «አትቸኩዪ። ማንም አይሻማሽም።» እኔ ስሳደብ ይሰማል። እሱ ሲስቅ ይሰማል።

አለቀ። ስድስት ሳምንት የጠበቅሁት ይህንን ነበር፤ ፊቱ የታየው አምስት እስኪቆጠር ድረስ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ከኋላ አንዱ «ባትሪው ገና ሙሉ ነው፤ የሚቀጥለውን እንክፈት ወይስ...» ብሎ ጀመረ።

አቶ ሓጎስ ከወንበሩ ሳይነሳ ዞር አለ።

«ሰንበቱ የእሱ ነው» አለ። «ድገሙት።»